ለዘመድ የሚወጣው ቅባት

አጎቴን አልወደውም። ይህን አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ስለሆነ ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፣ በዒድ ቀን ሄጄ እጁን እስማለሁ፤ እዚህ ግን አንቱ አልለውም። አራዳ ገበያ ያለው ሱቁ ከአያቴ የወረደ ነው። ድሮ ጨርቅና ሽቶ ነበር የሚሸጥበት፤ ዛሬ ግማሹ ሻምፑ፣ ዊግና የፊት ቅባት ሆኗል። በሩ አጠገብ ትልቅ መስታወት አቁሟል። ሴቶች በመንገድ ሲያልፉ ፊታቸውን ያዩበትና ቅር ብሏቸው ወደ ውስጥ ይገባሉ። መስታወቱን እዚያ ያቆመው ለዚሁ እንደሆነ ራሱ እየሳቀ ነግሮኛል።

እኔ የምሠራው ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ውሃም ይምጣ አፈር፣ ጤፍም ይምጣ ዓሣ፣ በአሲድ አሟሙቼ ውስጡ ምን ያህል ሜርኩሪና አርሴኒክ እንዳለ እለካለሁ። የምለካበት መሣሪያ አቶሚክ ፍሎረሰንስ ይባላል። እናቴ አንድ ቀን ሥራሽ ምንድን ነው ብላ ስትጠይቀኝ በቀላሉ ላስረዳት ሞከርኩ። «ናሙናው ውስጥ የተደበቀውን ሜርኩሪ ወደ እንፋሎት እንለውጠዋለን። አርጎን የሚባል ጋዝ ተሸክሞ መብራት ፊት ያደርሰዋል። ሜርኩሪው መብራቱ ሲነካው መልሶ ያበራል፤ ብዙ ከሆነ ብዙ፣ ጥቂት ከሆነ ጥቂት። ብርሃኑን አይተን መጠኑን እናውቃለን» አልኳት። አዳምጣ ስትጨርስ «ታዲያ ባል ያሳጣሽ ይሄ ነው?» አለችኝ። ቤታችን እንዲህ ነው።

ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ፣ ወጉ ነውና፣ እናታችን ቤት መጥታ ታረሰች። ባሏ በመተማ መስመር የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። አልፎ አልፎ ብቅ ብሎ ልጁን ስሞ ይሄዳል፤ ከሱ ጋር ጠብ የለኝም። የአራስ ቤት ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። መስኮት አይከፈትም፣ ገንፎው በቅቤ ይዋኛል፣ አራስ ብቻዋን አትተውም። ከሁሉ በላይ ግን ክፉ ወሬ ደፉን አያልፍም። አራስ ከደነገጠች ወተቷ ይደርቃል ይባላል፤ ዘመድ ቢሞት እንኳ አርባ ቀኗ እስኪወጣ ይደበቅባታል።

አርባዋ ሲወጣ ደግሞ ሞልታና ቀልታ መታየት አለባት። «አራስ አማረባት፣ ወፈረች፣ ቀላች» ካልተባለ የእናትየዋ ድካም ከንቱ ነው። እህቴ ድሮም ቀይ ነበረች። እኔ ጥቁሯ ነኝ። ልጆች ሳለን እንግዳ ሲመጣ እሷን ያቅፏታል፣ እኔን ሻይ ያስቀዱኛል። ስለዚህ ነገር ስናገር ቅናት ይመስልብኛል። ይምሰል።

ልጠይቃት የገባሁ ቀን ጎንበስ ብዬ ስስማት ፊቷን አየሁት። ጉንጯ እንደ ተላጠ ሽንኩርት ያብለጨልጫል፣ ከጆሮዋ ሥር ግን የራሷ መልክ አለ። አንገቷም እንደ ፊቷ እየነጣ ነበር። ሕፃኗ እዚያው አንገቷ ሥር ተለጥፋ ትጠባለች፣ ትንሽ እጇ ጡቷንና አንገቷን ትዳስስና ተመልሳ አፏ ውስጥ ትገባለች።

«ምንድን ነው የምትቀቢው?» አልኳት።

«አጎቴ የላከልኝን። ምነው?»

ምነው ትለኛለች! ፊት የሚያነጣ ቅባት ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዳንዱ ግን ቆዳውን የሚያነጣው በሜርኩሪ ነው። ሜርኩሪ ደግሞ በቆዳ ይገባል፣ ኩላሊት ላይ ያርፋል፣ በወተትም ያልፋል። ይህን ለማወቅ የኔን ያህል መማር አያስፈልግም። በማግሥቱ ሱቁ ድረስ ሄድኩና የሚሸጠውን ቅባት ልለካው እፈልጋለሁ አልኩት። አጎቴ ሰው ፊት ስለተናገርኩት ፊቱን አጠቆረ፤ ከዚያ ግን ከመደርደሪያው ላይ አንድ ብልቃጥ አንሥቶ እጄ ላይ ወረወረልኝ። «ወስደሽ ለኪው። መርዝ ካገኘሽበት ወላሂ ሱቄን በገዛ እጄ አቃጥለዋለሁ» አለ።

ለካሁት። በእኛ ሥራ መጀመሪያ የሚለካው ባዶው ነው፤ ምንም ያልገባበት አሲድ ብቻ። የባዶው መስመር ስክሪኑ ላይ ተኝቶ ካላየሁ የማንንም ናሙና አልነካም። የባዶው መስመር ተኛ፤ የአጎቴ ቅባትም ሲገባ መስመሩ እንደተኛ ቀረ። ምንም የለበትም። እኔ ደግሞ የለም ካለ የለም ባይ ነኝና ሄጄ ነገርኳቸው። እናቴ እፎይ አለች። አጎቴ ግን አልማረኝም። ወሬውን አራዳን አዞረው። «የእህቴ ልጅ በማሽን መረመረችልኝ፣ ንጹሕ ነው አለች» እያለ ቅባቱን ይሸጥበት ጀመር። እኔን ሲያይ ደግሞ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይለኛል። ምን ልበል? የለካሁት እኔው ነኝ።

ከዚያ በኋላ እህቴ ወፈረች። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የገባው ሁሉ ያደንቃል። «ማሻአላህ! አራስ ማለት እንዲህ ነው። እናቷ አበላቻት!» ፊቷ ክብ ሆነ፣ ዓይኗ ጠበበ፣ ጣቷ ላይ የጋብቻ ቀለበቷ አልወጣ አለ። እናቴ በኩራት ገንፎውን ጨመረች። አንድ ቀን እግሯን ከብርድ ልብሱ አውጥታ ተቀምጣ ሳለ ካልሲዋ የሰራባትን መስመር አየሁት። እንደ ቦይ ጎድጉዷል። ሁሉም በጨዋታ ተጠምደው ሳለ ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩት። ጣቴን ባነሣም ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ቅቤ እንዲህ አያደርግም። ያ ውሃ ነው።

እናቴ እጄን መታችኝ። «ዓይንሽን ከላይዋ አንሺ! ማሻአላህ በይ!»

«እማዬ፣ ይሄ ውፍረት አይደለም፤ አብጣለች» አልኳት።

እናቴ ዓይኗን አፈጠጠችብኝና ክንዴን ይዛ ከክፍሉ አወጣችኝ። ከመውጣቴ በፊት ግን ከእህቴ ትራስ አጠገብ ያለውን ብልቃጥ አየሁት። ወረቀቱ አጎቴ ከሰጠኝ ጋር አንድ ነው፤ ክዳኑ ግን ሌላ ነው፣ ቅባቱም ወደ አመድ የሚያደላ ቀለም አለው። በማግሥቱ እህቴ ስትታጠብ ጠብቄ ጥቂት ቅባት ጨልፌ በፌስታል ቋጥሬ ወጣሁ።

ያን ቀን ላቦራቶሪው ውስጥ የሆነውን አልረሳውም። ቅባቱን በአሲድ አሟሟሁት፣ አቀጠንኩት፣ ደግሜ አቀጠንኩት። ጠብታ የማይሞላውን አስገባሁ። መስመሩ ተነሣ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ ከስክሪኑ ጣሪያ ጋር ተጋጭቶ ጫፉ ተቆረጠ። መሣሪያው ከመለኪያዬ በላይ ነው አለኝ። ያቺ የሕፃኗ ትንሽ እጅ የእናቷን አንገት ዳስሳ አፏ ውስጥ ስትገባ ታየኝ። ከዚያ የባዶውን አሲድ አስገባሁ። ባዶውም መርዘኛ ሆኖ ወጣ። ሜርኩሪ ብዙ ሲሆን ቱቦው ላይ ይጣበቃል፤ ቶሎም አይለቅም። ከእሱ በኋላ የገባውን ንጹሕ ሁሉ ያስወነጅለዋል።

የላቦራቶሪው ኃላፊ በዚያው ሰዓት ከበስተኋላዬ ቆሞ ነበር። ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን አካባቢ ምንጮች ያስቀዳውን ውሃ ሊለካ ጠርሙሶቹን ደርድሮ ተራውን ይጠብቃል። ያ ውሃ ግማሹን መንገድ በበቅሎ የመጣ ነው። አርጎኑ ደግሞ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ መንገድ ሲዘጋ መሣሪያው ጨርቅ ለብሶ ይከርማል። ሰውዬው ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየኝ።

«በምንድን ነው ያረከስሽው?»

«የፊት ቅባት ነው፣ ዶክተር። እህቴ አራስ ናት፣ ይሄን ነው የምትቀባው።»

«እህትሽ ናሙና አይደለችም። ይሄ የዘመድ ማስታመሚያ ቤት አይደለም» አለና በሩን እንድወጣ በእጁ አሳየኝ። ከኋላዬ ቆለፈው። የውሃው ልኬት እንደ ተስተጓጎለበት ይገባኛል፤ ቢሆንም ያን ቃል ዛሬም አልማርኩለትም።

ከዚያ ቀጥታ አራዳ ወረድኩ። አጎቴ ደንበኛ አልነበረውም፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መቁጠሪያውን ይዟል። «ለኔ የሰጡኝና ለእህቴ የላኩት ቅባት አንድ አይደለም» አልኩት። አልካደም። እንዲያውም ቅር አለው።

«እንዴት አንድ ይሆናል? ለአንቺ የሰጠሁሽ ለማሽን ማባከኛ ነው፤ ከፊት ለፊት ካለው ሰጠሁሽ። ለእሷ ግን ከውስጥ ነው ያወጣሁላት። ጠንካራው እሱ ነው። ለመንገደኛ የምሸጠውን እንዴት ለእህቴ ልጅ እሰጣለሁ? ሰው አይደለሁም?»

ይህን ሲል ከልቡ ነበር። አራዳ ላይ ለዘመድ ከፊት ካለው አይሰጥም። ሽቶም ይሁን ጨርቅ፣ ዘመድ ሲመጣ ባለ ሱቅ መጋረጃውን ገልጦ ከውስጥ ያወጣል፤ ከፊት ካለው አንሥቶ ከሰጠህ ንቆሃል ማለት ነው። እኔም እየተናቅኩ ነበር ለካ። «እሱ ከውስጥ ያለው መርዝ ነው» አልኩት። ሳቀ። «ባለፈው ንጹሕ ነው ብለሽኛል፣ አሁን ደግሞ መርዝ ነው። ማሽንሽ ይወላውላል» አለኝ። ሱቁን ስለ ማቃጠሉ አላስታወሰኝም።

ቤት ደርሼ ለእናቴ ጓዳ ውስጥ ሁሉንም ነገርኳት። ቆማ አዳመጠችኝ። መልኳ ሲለወጥ አይቻለሁ፤ አልገባትም አልልም። ቢሆንም የመለሰችልኝ «ለእሷ እንዳትነግሪያት» ነው።

«ምን ማለትሽ ነው? ዛሬም ትቀባለች እኮ!»

«ቀስ ብዬ እደብቅባታለሁ። አርባዋ ይውጣ፣ ያኔ እኔው እነግራታለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አራስ አስደንግጠሽ ወተቷን ብታደርቂው ልጅቷን ምን ልታጠቢያት ነው? ማሽንሽን?»

እናቴ ብልቃጡን ደበቀች፤ እህቴ ደግሞ ለአጎቴ ደውላ ሌላ አስላከች። እናቴም ሲመጣ አይታ ዝም አለች፤ ለምን እንደ ደበቀች መናገር ሊኖርባት ነዋ! ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ዝም ባልኩበት ዛሬም እናደዳለሁ፤ በራሴ ሳይሆን ዝም ባሰኙኝ። በሦስተኛው ቀን ክፍሉ በእንግዳ ተሞልቶ፣ ውፍረቷ እየተመሰገነ ሳለ ገባሁና ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገርኩት። ቅባቱ መርዝ ነው፣ ያበጥሽው በሱ ነው፣ ልጅሽም እየላሰችው ነው አልኳት።

አንዲት አሮጊት «አዑዙ ቢላህ» ብላ ተነሣች። እህቴ አላለቀሰችም። በዚያ በጠበበው ዓይኗ አየችኝና «ድሮም ቀንተሽብኝ ነበር። አሁን ደግሞ ስወልድ ባሰብሽ» አለችኝ። ከዚያ ብልቃጡን ከትራሷ ሥር አውጥታ፣ እያየችኝ፣ በጣቷ ዝቃ አንገቷን ቀባች። ልጅቷ እዚያው ናት። ዘልዬ ብልቃጡን ከእጇ ነጠቅኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን መታችኝ፤ በገዛ ቤታችን «ውጪልኝ» ተባልኩ። ወጣሁ።

በጥቂት ቀን ውስጥ እህቴ ጠዋት ስትነሣ ዓይኗን መግለጥ አቃታት። ሆስፒታል የወሰደቻት እናቴ ናት። እኔ ስደርስ ሐኪሟ የሽንቷን ውጤት ይዛ ኩላሊቷ እያፈሰሰ ነው፣ ፕሮቲኑ ሁሉ በሽንት እየወጣ ነው እያለች ታስረዳለች። «የምትቀባው ወይም የምትጠጣው ነገር አለ?» ብላ ጠየቀች። እህቴ አፏን ዘጋች። «ቅባት አለ» አለች እናቴ። «ወንድሜ ነው የሰጣት። መርዝ አለበት ብላ ታላቋ ነግራን ነበር።» እናቴ ያን ስትል ወደ እኔ አላየችም።

ሐኪሟ ቅባቱ ይቁም፣ ጨው ይቁም፣ እስኪጣራ ማጥባትም ይቁም አለች። ሽንቷ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ እንዲለካም አዘዘች፤ ከተማው ውስጥ ደግሞ የሚለካው የእኛው መሣሪያ ነው። ኃላፊው የሆስፒታሉን ትእዛዝ አንብቦ «መጀመሪያ የእኔ ውሃ» አለ። ካስወጣኝ በማግሥቱ ተመልሼ ቱቦውን ቀይሬ፣ ባዶው እስኪተኛ ድረስ ስንት ጊዜ በአሲድ ሳጥበው የከረምኩት እኔ ነኝ። «መጀመሪያ የእርስዎ ውሃ» አልኩት። ንጹሑ ከቆሻሻው በፊት ነው የሚገባው፤ ይህን ያልኩት ለእሱ ብዬ አልነበረም። የጃናሞራ ምንጭ መስመሩ ተኛ፤ ቀጥሎ የገባው የእህቴ ሽንት መስመሩን አስነሣው።

የልጅቷንም ሽንት ልለካ አልኩ። እህቴ ከሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና «ልጄን አትነኪያትም» አለች። ወተቷ በዚያ ሰሞን ደርቆ ነበር፤ ልጅቷ በጡጦ ላይ ናት። «ወተቴን ያደረቅሽው አንቺ ነሽ። ሰው ፊት አስደንግጠሽኝ ነው» አለችኝ። እብጠቱን፣ መድኃኒቱን፣ ልጅቷ ጡት ሳትስብ የቆየችበትን ላስረዳት ሞከርኩ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናቴም አላገዘችኝም። አርባዋ እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ወጣ፤ እልል ያለ የለም።

እናቴ አራዳ የሄደችው ከዚያ በኋላ ነው። አብሬያት ነበርኩ። ሱቁ ውስጥ ሦስት አራት ሴቶች ነበሩ፣ የአጎቴ ልጅም ባንኮኒው ጋ ቆማ ስልኳን ታያለች። እናቴ ሰላም ሳትል «ከውስጥ ያለውን አውጣልኝ» አለችው። አወጣላት። ክዳኑን ከፍታ ፊቱ አስቀመጠችለት።

«በል ለልጅህ ቀባት። እኔ እያየሁ።»

አጎቴ እጁን አላነሣም። ወደ ሴቶቹ አየ፣ ወደ ልጁ አየ፣ «እህቴ፣ ምነው?» ብቻ አለ። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እስከ ዛሬ ያን ደፍ አልረገጠችም። መደርደሪያው ግን ባዶ አይደለም፤ በዚያ ሳልፍ አየዋለሁ፣ መስታወቱም እንደ ቆመ ነው።

እህቴ ወደ ቤቷ ተመለሰች። አትናገረኝም። ግን ሐኪሟ ሽንቷ በየጊዜው ይለካ ስላለች በየወሩ ሄጄ በሯን አንኳኳለሁ፤ በሩ በስንጥቅ ተከፍቶ በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ጠርሙስ በእጇ ይወጣል። የምሰጣት ባዶ ጠርሙስ ሁልጊዜ ሁለት ነው፤ ትልቅና ትንሽ። ትንሿ ለልጅቷ ናት። እሷ ትልቁን ብቻ ሞልታ ትሰጠኛለች፤ የትንሿን ነገር አንሥታ አታውቅም።

ባለፈው ወር ፌስታሉን ላቦራቶሪ ወስጄ ስፈታው ትንሿም ከውስጥ ነበረች። ጉሮሮዋ ድረስ አልሞላችም፣ ታች ላይ ጥቂት ብቻ። ያን ለመቅዳት ስንት ጊዜ ዳይፐር ፈታ እንደ ጠበቀች አላውቅም። ባዶውን አስተኛሁ። የልጅቷን አስቀደምኩ። መስመሩ ተኛ። አላመንኩም፣ ደገምኩት፣ ተኛ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ኃላፊው ገብቶ አየኝና ተመልሶ ወጣ። ቀጥዬ የእህቴን አስገባሁ። ካለፈው ወርዷል፤ ግን ገና ከፍ ያለ ነው።

ያን ቀን ወሩን ሳልጠብቅ በሯን አንኳኳሁ። በስንጥቁ ውስጥ ፊቷ ታየኝ። ጠቁራለች፤ ጉንጯ ላይ ያ ቅባት የተወው ጥላ አለ። ልጅቷ በጀርባዋ ታዝላ ተኝታለች።

«የልጅቷ ምንም የለበትም። ሁለት ጊዜ ለክቼዋለሁ» አልኳት።

«ድገሚው» አለችኝ።

«ምንም የለበትም።»

እጇን ወደ ኋላ ልካ የልጅቷን እግር ያዘችና ጨበጠችው። የእሷን ውጤት ልነግራት አፌን ስከፍት በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። የራሷን አልጠየቀችኝም።